የማግሥቱ ጭስ

ሰው ሲመረመርና ሳይመረመር አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል። እኔን ግን ያገኘኝ በአንድ ጠባብ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው፤ ያውም እኔው ራሴ ከተሳሳትሁ በኋላ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ባለዕዳ ሆኜ እጽፈዋለሁ፤ ወጣት አንባቢዬም እንደዚሁ አድርጎ ቢቀበለኝ ደስ ይለኛል።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በሰፈራችን አልፎ በካራ ቆሬ በኩል ወደ ሰበታ ይወርዳል። ከማለዳ ጀምሮ የጭነት መኪናውም፣ አውቶቡሱም፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ታክሲም በዚያ መንገድ ላይ ተራ በተራ ጭሱን ይተፋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተሠራች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በተለይ አሮጌው የናፍጣ ሞተር ዳገቱን ሲወጣ የሚበቃውን አየር አያገኝምና ጭሱ ይበረታል። 38 ዓመት በጠመኔ ብናኝ መካከል ካስተማርሁ በኋላ ጡረታ የወጣሁት በዚህ ሰፈር ነው።

የእህቴ ልጅ መርካቶ ሸቀጥ እያመላለሰ የሚኖር ትጉህ ወጣት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቁብ ሲደርሰው አንድ ያገለገለ ትንሽ መኪና ገዛ። እንዳጋጣሚ የእኔም አሮጌ መኪና ከእርሱ መኪና ጋር የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ዓይነት ሥራ ናት። በእርሱ መኪና ላይ ግን ሁለት ነገር ተለውጦበታል። አንደኛው ሲገዛ ያልተነገረው ነው፤ በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ሊኖር የሚገባው የጭስ ማጥሪያ በቀድሞው ባለመኪና ዘመን ተነቅሎ ተሸጦ ኖሯል። ሁለተኛው ግን የራሱ ሥራ ነው፤ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ አስወልቆ ባዶ ቱቦ አስበየደበት። ይህንም ያደረገው መኪናው ሲያልፍ እንዲያገሣና የሰፈሩ ጎረምሶች ዘወር ብለው እንዲያዩት ነው። ወጣትነት ነውና አልፈረድሁበትም፤ እኔም በልጅነቴ የብስክሌቴን ጎማ ሽቦ እንዲመታ ካርቶን እያሰርሁ ሰፈሩን አስጮህ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር የመኪናው የዓመት ምርመራ ደረሰ። ሾፌሮች ክላውዶ የሚሉት ይህ ምርመራ ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው የሚታይበት፣ ጭሱም የሚለካበት ነው። ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም። ልጁም አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጣና ቡናውን ሳይጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። የእርስዎ መኪና ማጥሪያውም ማርሚታውም አለው። ለአንድ ቀን ብቻ ያውሱኝ። ጠዋት እናስፈታዋለን፣ ከሰዓት በኋላ እንመልሰዋለን።»

እኔም ጥቂት አሰብሁና እሺ አልሁ። እምቢ ማለት ስስት መሰለኝ። እናቱ እኅቴ ናት፤ አንድ ቀን ሥራ ቢፈታ የሚጎድልበትን አውቃለሁ። ደግሞም ማጥሪያው ለመኪና እንጂ ለመኝታ ቤቴ አላስፈለገኝም፤ ቢዋስ አያልቅም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሰው ጥፋት ሲሠራ ምክንያት አያጣም፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ደግነት መስሎ ይመጣል።

በማግሥቱ መካኒኩ የሁለቱንም መኪና ሆድ ከፍቶ የእኔን ወደ እርሱ አዛወረው። ከምርመራው ቦታም አንድ ቀጭን መለኪያ በጭስ ማውጫው ውስጥ ገባ፤ ቁጥሩ በመስታወት ላይ ታየ፤ ቁጥሩም መልካም ነበር። ልጁ በስልክ ጠራኝና በደስታ «ጋሼ፣ አለፍን!» አለኝ። ማታ ዕቃዬ ተመልሶ መጣ፤ ምንም አልጎደለበትም።

«አለፍን» የሚለው ቃል ግን አልተመለሰም፤ ከእኔ ጋር አደረ። ያለፈው ማን ነው? የእርሱ መኪና አልተመረመረም። የእኔ መኪና ያለ ሳንባ በጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነበር። እኛስ ምን ተፈተንን? በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ በአየር ጤና አደባባይ አጠገብ መንገድ ለመሻገር ቆምሁ። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆችም ከጎኔ ቆመዋል። ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ መኪና እያገሣ አለፈ፤ አዲሱ ቦሎ በመስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ከልጆቹ አንዲቱ የሹራቧን እጅጌ ስባ አፍንጫዋን ሸፈነች። ምንም አላለችም፤ እንዲህ ማድረግ የለመደች ናት። ያ ጭስ ንጹሕ ነው ተብሎ የተመሰከረለት በእኔ ዕቃ እንደሆነ እርሷ አታውቅም፤ እኔ ግን አወቅሁ።

እንግዲህ ያ የተዋስነው ዕቃ ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በውጭ አገር ቋንቋ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። ከውጭ ሲያዩት በቱቦው መካከል የተቀመጠ የብረት ሣጥን ነው። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ሸክላ ሲሆን፣ በሸክላውም ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የተባሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ተቀብተዋል። ነቅሎ ሻጩን የሚያጓጓው ይኸው ነው። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው አየር በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ሳይቃጠል የቀረው ነዳጅ ወደ ውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችም በምንተነፍሰው አየር ውስጥ እንዳለው ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ሣጥኑ በሚገባ ከጋለ በኋላ ነው፤ ሳይግል አይሠራም።

ጭስ ራሱ የሚናገረው ቋንቋ አለው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ በዝቶ በሚገባ አለመቃጠሉን ይነግረናል፤ ሰማያዊው የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተሩ መግባቱን ይናገራል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ሞተርም በሆዱ የደበቀውን በጭስ ማውጫው ያወጣዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። የናፍጣንም ጭስ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መካከል መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በደጅ አየር መበከል ምክንያት ያለ ጊዜያቸው የሞቱት ሰዎች 4.2 ሚሊዮን ነበሩ። ይህ ሁሉ ከመኪና ብቻ የመጣ አይደለም፤ የመኪና ጭስ ግን ከምንጮቹ አንዱ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለኝ። ያደግሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ነው። በየቅዳሜው ጠዋት የመኝታ ቤት ምርመራ ነበረብን። ዓርብ ማታ ወለሉን እናጥባለን፣ ብርድ ልብሱን እናጥፋለን፤ የቀረውን ጉድፍ ሁሉ ከፍራሽ ሥር እንወሽቃለን። ተቆጣጣሪያችንም መጥታ ታያለች፣ ነጥብ ሰጥታ ትሄዳለች። እኔ ዘወትር ከምስጉኖቹ አንዱ ነበርሁ። አንድ ጊዜ ግን ሰኞ መጣች። ከእኔ ፍራሽ ሥር የሻገተ ዳቦና ሳይታጠብ የሰነበተ ካልሲ ወጣ። አልተቆጣችም፤ መጥረጊያ አንሥታ ራሷ መጥረግ ጀመረች። እኔም ቆሜ አየኋት። እስከ ዛሬ ከተቀጣሁት ቅጣት ሁሉ ያ የባሰ ነው። ቅዳሜ የነበረው ንጽሕና ውሸት እንደነበረ የነገረኝ ሰኞ ነው።

በኋላ መምህር ስሆን ይኸው ጉዳይ በሌላ መልክ ተከተለኝ። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ2014ቱ ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ያን ቀን ዕውቀታችን ድንገት አልጠፋም፤ ከዚያ በፊትም ያልነበረ መሆኑ ታወቀ እንጂ። እኔም ከተደነቁት አንዱ ነበርሁ፤ ስለ ተማሪዎቹም ብዙ ተናገርሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመኪናዬን ማጥሪያ ሳውስ ግን ያን የተናገርሁትን አላስታወስሁም።

ይህ የድሃ አገር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ የቮልስዋገንን ታሪክ ይስማ። ይህ ታላቅ የጀርመን ኩባንያ በናፍጣ መኪናዎቹ ውስጥ አንድ ረቂቅ የኮምፒዩተር ትእዛዝ አስቀምጦ ነበር። መኪናው መሪው ሳይዞር ጎማው ሲሽከረከርና ሌሎችንም ምልክቶች ሲያይ በምርመራ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ጭሱን የሚያጠራውን ሥራ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ወደ መንገድ ሲወጣ ግን ይተወዋል። ይህን ነገር ለመግለጥ መንገድ የከፈቱት የዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መለኪያውን በመኪናው ላይ ጭነው በእውነተኛው መንገድ ላይ ነዱት። እነርሱም እንደ ተቆጣጣሪያችን ሰኞ መጡ ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በመስከረም 18 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ለዓለም ሲያስታውቅ፣ አንዳንዶቹ መኪናዎች በመንገድ ላይ የሚያወጡት የናይትሮጅን ኦክሳይድ ከተፈቀደው እስከ 40 ጊዜ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያውም ትእዛዙ ወደ 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪናዎች ውስጥ እንዳለ አመነ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ማርቲን ቪንተርኮርን በዚያው ሳምንት ከሥልጣኑ ወረደ። እነዚያ የተማሩ መሐንዲሶችና የእኛ ሰፈር መካኒክ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ የመካኒኩ መፍቻ በእጅ የሚያዝ መሆኑ ነው።

እኔም ልጁን ጠራሁትና «በመጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማዋስ አልነበረብኝም» አልሁት። እርሱም ተቆጣ። «ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ነው እንዴ ይህ የሚታሰብዎት?» አለኝ። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። እዚህ ላይ እንደ ተናገረው እጽፈዋለሁ፤ የባልንጀራን ክርክር አኮስሶ መመለስ ሌላ ዓይነት ማታለል ነውና።

በመጀመሪያ «ሁሉም ያደርገዋል፤ በጥቁር ጭስ ዳገቱን የሚያጨልመው የጭነት መኪና ቦሎ አለው፤ የእኔ አንድ መኪና ምን ይጨምራል?» አለ። እውነት ነው፤ የእርሱ መኪና ብቻ ቢጠራ አየር ጤና ስሙን አይመስልም። ዳሩ ግን ጭስ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ አንድ መኪና ነው፤ ሌላ የሚመጣበት ስፍራ የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለን የመልካሙን ኅብረት እናመሰግናለን፤ ክፉውም ክር በክር እንደሚደወር ግን እንዘነጋለን።

ሁለተኛም «አሁን የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ነገ ሁሉም በኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ነገሩ በራሱ ያልቃል» አለ። ክልከላው በጥር 2016 ዓ.ም. መነገሩ እውነት ነው፤ በመንገዳችንም ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪናዎች እየበዙ ነው። ነገር ግን ቀድሞ የገቡት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ልጆቹም የሚተነፍሱት ዛሬ ነው። ደግሞም ለምርመራ ቀን ብቻ ፍሬን የሚዋስ ሰው መኪናው በባትሪ ቢሄድም ያው ነው።

ሦስተኛው ክርክሩ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። «ማጥሪያው የወር ገቢዬን ይበላል፤ የነቀለው እኔ አይደለሁም፤ ለምን እኔ እከፍላለሁ?» አለኝ። በዚህ ፈጥኜ መልስ አልሰጠሁም። ድሃን ሰው «ንጹሕ ሁን» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው አይደለምና። ሕጉ ትክክለኛ ቢሆንም እንኳ ክብደቱ በሁሉ ጫንቃ ላይ እኩል አያርፍም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ባይከፈል ዕዳው አይቀርም፤ ወደ ሌላ ሰው ይዛወራል እንጂ። የእርሱን ዕዳ ያቺ በእጅጌዋ አፍንጫዋን የሸፈነች ልጅ በሳንባዋ እየከፈለች ነው፤ እርሷም አልነቀለችም፣ መኪናም የላት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። ይህ ተስፋ ለእርሷ የሚደርሳት በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይደለም፤ የእህቴ ልጅና እኔ የምናደርገው ነገር አለበት። እንግዲህ የቦሎው ወረቀት ለማን ነው ብለን እንጠይቅ። ለትራፊክ ፖሊስ የሚታይ ቢሆንም ምስክርነቱ ለእርሷ ነው። «ይህ መኪና በአጠገብሽ ቢያልፍ አትፍሪ» የሚል ምስክርነት ነው። እኛም ያሳሳትነው መለኪያውን ሳይሆን እርሷን ነው።

አንድ ወጣት ግን «ታዲያ ለፈተና መዘጋጀት ሁሉ ማታለል ነው ወይ?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። ከምርመራ በፊት የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ያረጀውን ካንዴላ መለወጥ፣ ዘይት መቀየር፣ በጭስ ቱቦው ላይ የተቀደደውን ማስበየድ መልካም ነው። ሞተሩን በሚገባ አሙቆ መቅረብም ተገቢ ነው፤ ማጥሪያው ሳይግል አይሠራምና። ማታ ተቀምጦ ያጠና ተማሪም እንዲሁ ነው። የዝግጅትና የማስመሰል ልዩነት በምርመራው ቀን አይታይም፤ በሁለቱም ቀን ቁጥሩ አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው በማግሥቱ ነው። የተለወጠው ካንዴላ በማግሥቱም በሞተሩ ላይ አለ፤ የተጠናውም ትምህርት በማግሥቱ በአእምሮ ውስጥ አለ። የተዋስነው ግን ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ስለዚህ አንድን ሥራህን ለመመዘን ስትፈልግ «ነገ ምን ይቀርልኛል?» ብለህ ጠይቅ፤ ሌላ ረቂቅ መለኪያ አያስፈልግህም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። እኔ ተናጋሪ ብቻ እንዳልሆን ከጡረታዬ እየቆጠብሁ የማጥሪያውን ግማሽ ዋጋ ለመክፈል ተስማማሁ፤ ባለቤቴ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ በኋላ ግን ከጓዳዋ ጨመረችልኝ። ልጁም ማርሚታ መልሶ አስገጠመ። ስድስት ወር ያህል ወሰደብን፤ በነዚያም ወራት መኪናው ያንኑ ጭስ እየተፋ በልጆቹ አጠገብ ያልፍ ነበርና ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቅሬታውም ፈጥኖ አልሄደም፤ ለጥቂት ጊዜ ቡና ሊጠጣ አልመጣም።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ምርመራው እንደገና ደረሰ። ብቻውን ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ደወለልኝና «ጋሼ፣ ወደቅሁ» አለኝ። ጭሱ ከልክ በላይ ሆኖ ነበር፤ ካንዴላውና የአየር ማጣሪያው ማርጀታቸው ታወቀ፤ የአምናው ምርመራ በተዋሰ ዕቃ ስለተሸፈነ ያን ማንም አላየውም ነበር። በሳምንቱ ሁለቱንም ለውጦ ተመለሰና አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛም መኪና እንደዚያው ሆነች።

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሕይወታችሁ ብዙ ምርመራ ይጠብቃችኋል፤ በትምህርት ቤት፣ በሥራ፣ በትዳር፣ በሹመት። ከሁለቱ ስልኮች የትኛው እንዳስደሰተኝ ብትጠይቁኝ «ወደቅሁ» ያለበት ነው። ያን ቀን የተመረመረው የራሱ መኪና ነበር፤ የወደቀውም እርሱ ራሱ ነበርና ማንሣት ተቻለ። መንገድ ለመሻገር ከልጆቹ አጠገብ ስቆም ዛሬም ጭስ አለ፤ ያቺን ልጅም አልፎ አልፎ አያታለሁ፣ እጅጌዋን ስባ። የእህቴ ልጅ መኪና ግን ሲያልፍ ድምፁን ስለማልሰማ ብዙ ጊዜ ሳላየው ያመልጠኛል።